ወንድምሽ ታሊን ይምጣ ወይስ ይቅር?

እህቴ፣ ወንድምሽን የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ለማስተርስ ተቀብለውት እናታችሁ «ራሺያ አፍንጫ ሥር ልጄን አልልክም» ማለታቸውን አነበብኩ። እዚሁ ስለምኖር የማውቀውን ልንገርሽ። ይምጣ። የእማማን ስጋት ግን በሳቅ አትለፉት፣ የአገሬው ሰውም የሚሰጋው እሱኑ ነው።

ኢስቶኒያ ሕዝቧ 1.4 ሚሊዮን አይሞላም። በ1940 ሶቪየት ዋጠቻት፣ ነፃ የወጣችው በ1991 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ያዢልኝ)። የራሺያ ጦር ጨርሶ የወጣው ደግሞ በ1994። ስለዚህ እዚህ አንድ ሽማግሌ ስለ ወረራ ካወሩሽ የደረሰባቸውን ነው የሚያወሩት።

ድንበሩን ማየት ከፈለገ ናርቫ ይሂድ። ወንዙ ጠባብ ነው። ወዲህ የሄርማን ግንብ፣ ወዲያ የኢቫንጎሮድ ምሽግ ተፋጠዋል። ሜይ 9 የድል ቀን ሲደርስ ራሺያዎቹ በነሱ ዳር ትልቅ ስክሪን አቁመው ኮንሰርት ይለቃሉ። የናርቫ ሙዚየም ደግሞ በ2023 «ፑቲን የጦር ወንጀለኛ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ግንቡ ላይ ሰቀለላቸው። ከተማው ራሺያኛ ተናጋሪ ስለሆነ ሁለቱንም ያያል። ድልድዩ ከ2024 ጀምሮ ለመኪና ዝግ ነው። ሰዉ ሻንጣውን እየጎተተ በእግሩ ይሻገራል።

እኔን ግን ከታንክ ይልቅ የባልቲክ ባሕር ያሳስበኛል። በጥቅምት 2023 ከፊንላንድ ጋር የሚያገናኘውን የጋዝ ቧንቧ የመርከብ መልሕቅ ጎትቶ በጠሰው። በ2024 የፈረንጆች ገና ዕለት ደግሞ በባሕሩ ሥር ያለው የኤሌክትሪክ ገመድ ተቆረጠ። ፊንላንዶች ገመዱን ቆርጧል ብለው ኢግል ኤስ የተባለውን ነዳጅ ጫኝ መርከብ ያዙ፣ ጉዳዩ ሄልሲንኪ ፍርድ ቤት ቢደርስም ፍርድ ቤቱ «ሥልጣኔ አይደለም» ብሎ ዘጋው። እንዲህ ነው ነገሩ፤ ጦርነት አይሉት ሰላም። በየካቲት 2025 ሦስቱ የባልቲክ አገሮች (ኢስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊቱዌኒያ) ከራሺያ የኤሌክትሪክ መስመር ሲለዩ ጎረቤቶቼ ጄኔሬተር ይገዛሉ፣ ውኃ ያጠራቅማሉ። መብራት በፈረቃ ላደገ ሐበሻ ትንሽ ያስቃል። ደግሞም አልጠፋም።

በዚያው ዓመት መስከረም ሦስት የራሺያ ሚግ-31 የጦር አውሮፕላኖች የአገሪቱን አየር ክልል ጥሰው 12 ደቂቃ ቆዩ። የጣሊያን ኤፍ-35ዎች ተነሡባቸው። መንግሥት ኔቶን ለምክክር ጠራ፣ እኛም ዜናውን አይተን ወደ ሥራችን ተመለስን።

መተማመኛው ኔቶ ነው። ኢስቶኒያ የገባችው በ2004 ነው። ከ2017 ጀምሮ ታፓ በምትባል የኢስቶኒያ ከተማ በእንግሊዞች የሚመራ ጦር ሰፍሯል። ፊንላንድ በ2023፣ ስዊድን በ2024 ሲገቡ ባሕሩ ከሞላ ጎደል የኔቶ ሆነ፣ ለራሺያ የቀራት በሴንት ፒተርስበርግና በካሊኒንግራድ በኩል ያለው ነው። (በነገራችን ላይ፣ ከሐበሻ ምድር ነው የሚባለው የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ሃኒባል በ1740ዎቹ የዚችው የታሊን ከተማ አዛዥ ነበር፣ ያውም ለራሺያ። ለእማማ ይህን ባትነግሪያቸው ይሻላል።)

ወንድምሽ ሲመጣ የአደጋ ጊዜ መተግበሪያውን ስልኩ ላይ ይጫን፣ ወታደራዊ ነገር ፎቶ አያንሳ፣ በናርቫ በኩል «ራሺያን ልይ» የሚለውን ሐሳብ ይተው። በራሺያኛ ተናጋሪዎችና በኢስቶኒያኖች ክርክር መሐል አይግባ። ኪሱን የሚነካው ግን ሌላ ነው። በ2022 ኑሮ 19 በመቶ ገደማ የተወደደው በዋናነት በኃይል ዋጋ ነበር። የቤት ኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት ማሞቂያው ተካትቶ እንደሆነ ይጠይቅ፣ ካልተካተተም ያለፈውን ጥር ቢል አሳዩኝ ይበል።