ቀበቶው ምን ላይ ታሰረ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአሮጌ ላንድክሩዘር የደህንነት ቀበቶ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ ነው። መኪናዬ አጭሩ ላንድክሩዘር 40 ነው። የፊት ወንበሮቹ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ ነበራቸው፤ እሱም ጠርዙ ተተልትሏል። ከቤት መኪና የተፈታ፣ በትከሻ የሚያልፍ ቀበቶ ገዛሁ። በያጁ "የታችኛውን ወለሉን በስቼ በብሎን አስረዋለሁ፣ የላይኛውን በሩ ኋላ ካለው ምሰሶ ላሜራ ጋር እበይደዋለሁ" ይላል። ይይዛል?»

መልስ፦ እንዲህ ከታሰረ አይይዝም። ወገብንና ትከሻን በሦስት ቦታ ወደሚይዝ (ሦስት ነጥብ) ቀበቶ መሸጋገርዎ ግን ትክክል ነው፤ ወገብ ብቻ የሚይዝ ቀበቶ ደረትና ጭንቅላትን ከመሪው አያድንም። ጥያቄው ቀበቶው የታሰረበት ቦታ ምን ያህል ይችላል የሚለው ነው። በአውሮፓ ደንብ የቤት መኪና የማሰሪያ ነጥቦች ሲፈተኑ፣ በትከሻውም በወገቡም በኩል እያንዳንዳቸው ወደ 13.5 ኪሎ ኒውተን ይጎተታሉ። ይህ ከ13 ኩንታል በላይ ማንጠልጠል ማለት ነው። ባዶ ላሜራ ይህን ሲሸከም ብሎኑ እንደ ወረቀት ቀዶት ይወጣል።

መጀመሪያ ፋብሪካው ያስቀመጠው ዳዶ መኖሩን ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ በምሰሶው ላይ በፕላስቲክ ክዳን ወይም በቀለም ተሸፍኖ ይገኛል። ጥርሱ 7/16 ኢንች፣ በኢንች 20 ጥርስ ነው፤ ቶዮታን ጨምሮ አብዛኞቹ መኪናዎች ለቀበቶ የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። 7/16 ማለት 11.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 10 ብሎን ይላላበታል፣ ባለ 12 በግድ ከገባ ጥርሱን ይበላዋል። ዳዶው ከዛገ በዚያው ልክ ታፕ (ጥርስ ማውጫ) ያጽዱት እንጂ አያሰፉት። ብሎኑ ራሱ ላይ ስድስት ጭረት ያለበት ጠንካራ ብሎን ይሁን፤ የበር ማጠፊያ ብሎን አይተካውም። ማጥበቂያው በቶዮታ ወደ 42 ኒውተን ሜትር ነው፤ የማጥበቂያውን ኃይል በሚያሳይ ቁልፍ (ቶርክ ሬንች) ይለካ።

ዳዶ ከሌለ ወለሉ ይበሳ፤ ከመበሳቱ በፊት ግን ከሥር ገብተው የነዳጅ ታንከሩን፣ የፍሬን ቧንቧውንና ሽቦውን ይዩ። ከወለሉ ሥር ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ብረት ይግባ፤ 65 በ65 ሚሊ ሜትር ተቆርጦ ይበቃል። ማዕዘኖቹ በሞረድ ይክበቡ፤ ሹል ማዕዘን በጭነት ጊዜ ራሱ ላሜራውን ይቆርጣል። የተበሳውን ጠርዝ ጸረ ዝገት ይቀቡት። ወለሉ የዛገ ከሆነ መጀመሪያ ዝገቱ ተቆርጦ ይጠገን፤ በዝገት ላይ የታሰረ ብረት የትም አያደርስም። ለትከሻው ነጥብ ምሰሶው ዳዶ የሌለው ባዶ ላሜራ ከሆነ፣ ወለሉ ላይ በሰፊ ብረት የቆመ ሮል ባር (መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ የሚይዝ የብረት ቅስት) ያሠሩና ቀበቶውን እዚያ ላይ ይሰሩ። ነጥቡ ከትከሻዎ ዝቅ አይበል። የወገቡ ክፍል ደግሞ ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ ይረፍ፤ ከጎን ሲታይ ከ45 እስከ 70 ዲግሪ ተዳፍቶ ወደ ወለሉ ይውረድ። ብየዳ ካለ ጥብጣቡ ከመግባቱ በፊት ያልቅ፤ አንድ ፍንጣሪ ክሩን ያቀልጠዋል።

የገዙትን ቀበቶ በተመለከተ፣ ግጭት ያየ ከሆነ ይጣል። ሙሉውን ስበው ያውጡት፤ የተጨማደደ ወይም በሙቀት ያብረቀረቀ ቦታ፣ የተፈታ ስፌት ካለ ተለጥጧል። ጥብጣቡን ወደ ውስጥ የሚስበውና የሚቆልፈው መጠቅለያም የተሠራው ለመጀመሪያው መኪና አቀማመጥ ነው። ትንሽ ካጋደለ ወይ ሁልጊዜ ይቆለፋል ወይ በሚያስፈልግበት ሰዓት አይቆለፍም። ማዕዘኑ የሚስተካከል፣ በክብ ውስጥ የላቲን «E» ፊደልና ቁጥር የታተመበት አዲስ ቀበቶ ቢገዙ ይሻላል።

ጥያቄ፦ «ከኩታበር ወደ በሽሎ ቁልቁል ስወርድ ቀበቶዬ ቆልፎ ያንቀኛል። ሾፌሮች ጥብጣቡን በልብስ መቆንጠጫ አላልተው ይይዙታል። አብሽር፣ ምንም የለው ይሉኛል።»

መልስ፦ መቆንጠጫውን ዛሬውኑ ያውጡት። ቀበቶ ላልቶ ሲቆይ ሰውነት ባዶውን ርቀት ተወርውሮ ነው የሚደርስበት፤ የጎድን አጥንት የሚሰበረው ያኔ ነው። መቆለፉ ራሱ ብልሽት ላይሆን ይችላል። በመጠቅለያው ውስጥ ማጋደልን የሚያውቅ ትንሽ ኳስ ወይም ፔንዱለም አለ። በአውሮፓ ደንብ እስከ 12 ዲግሪ ሲያጋድል መቆለፍ የለበትም፣ ለቤት መኪና ቀበቶ ከ27 ዲግሪ ሲያልፍ ግን መቆለፍ አለበት። በመካከል ያለው ለአምራቹ የተተወ ነው። ቁልቁለት፣ የጎን ማጋደልና ፍሬን ሲደራረቡ 12 ቶሎ ይታለፋል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሜዳ ላይ ቆመው፣ ወንበርዎን አስተካክለው፣ ጀርባዎን ደግፈው ይሰሩት፤ በመንገድ የሚያስፈልግዎ ነገር ሁሉ በእጅዎ ቅርብ ይሁን። ካነቀዎ ቆመው ጥብጣቡ ወደ ውስጥ ትንሽ እንዲጠቀለል ይልቀቁት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይሳቡ። ሜዳ ላይም የሚቆልፍ ከሆነ መጠቅለያው ተጣሟል ወይም ብሎኑ ላልቷል። ውስጡን ግን አይክፈቱ፤ ስፕሪንጉ ከወጣ አይመለስም፣ ዘይትም አቧራ ይሰበስባል።

ጥያቄ፦ «ከላሊበላ ነው። እንግዶች ይዤ ወደ ገጠር እወጣለሁ። የእሽቅድምድም መኪና ባለ አራት ማሰሪያ ሃርነስ ባስገባስ?»

መልስ፦ በዚህ መኪና አንመክርም። ሃርነስ ትከሻን አጥብቆ ሰውነትን ቀጥ ያደርጋል፤ መኪናው ቢገለበጥና ጣሪያው ቢደፈጠጥ ሰውየው ዝቅ የሚልበት ቦታ የለውም። ለዚህ ነው ሃርነስ ያለ ሮል ባር የማይታሰበው። የትከሻ ማሰሪያዎቹም ከትከሻ ወደ ኋላ አግድም፣ ቢበዛ 20 ዲግሪ ብቻ ዝቅ ብለው መታሰር አለባቸው። ብዙ ጋራዥ እንደሚያደርገው ከወንበሩ ኋላ ወለሉ ላይ ከታሰሩ፣ በግጭት ጊዜ አከርካሪን ወደ ታች ይጫናሉ። ባለ አራቱ ሌላም ችግር አለው፤ የትከሻው ማሰሪያ የወገቡን ወደ ላይ ይጎትትና ሰውየው ከሥሩ ይሾልካል፣ ቀበቶው ሆድ ላይ ይወጣል። ይህን የሚከለክለው በእግር መካከል የሚያልፈው አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ማሰሪያ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀዳዳ ያለው ወንበር ይፈልጋል። ለእንግዶችዎ በትክክል የታሰረ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ይበልጣል፤ በአንድ ጣት ይፈታል፣ ማንም ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ «የሃርድቶፕ ላንድክሩዘሬ የኋላ ወንበሮች ፊት ለፊት የሚተያዩ አግዳሚዎች ናቸው። ቀበቶ ይገባላቸዋል?» (ወልድያ)

መልስ፦ የወገብ ቀበቶ ይገባል፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ማሰሪያ ነጥብ፣ ከላይ እንደተባለው ከሥር በብረት ተደግፎ። የትከሻ ቀበቶ ግን ጎን ዞሮ ለተቀመጠ ሰው አይስሩ፤ በግጭት ጊዜ አንገቱን ይይዘዋል። አቅም ካለ ፊት የሚያይ ወንበር ከነ ሦስት ነጥብ ቀበቶው ማስገባት ነው ትክክለኛው መፍትሔ። በአንድ ቀበቶ ሁለት ሰው፣ ወይም ሕፃን ታቅፎ መታሰር ፈጽሞ አይሆንም፤ የአዋቂው ክብደት ልጁን ይጨፈልቀዋል።

ጥያቄ፦ «ቀበቶውን በበረኪና ላጥበው?» (ሐይቅ)

መልስ፦ አይሆንም፣ በረኪና ክሩን ያዳክማል፤ ቀለም መንከርም እንዲሁ። ለብ ባለ ውኃና ቀላል ሳሙና በስፖንጅ ይጥረጉት፣ ተዘርግቶ በጥላ ይድረቅ፤ ሳይደርቅ አይጠቅለሉት። መቆለፊያው ውስጥ የገባውን አቧራ በአየር ያስነፉት።