ከባንክ ለቅቄ እንደ ቶሮ ጫካ ልግባ?

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው። በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተመርቄ አንድ የግል ባንክ ውስጥ በደንበኞች አገልግሎት መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ እውላለሁ። ማታ ቤት ስገባ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ እንኳ አቅም የለኝም። በቅርቡ አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ጫካ ውስጥ ጎጆ ሠርቶ ብቻውን ስለኖረበት ጊዜ የጻፈውን «ዋልደን» አነበብኩና ልቤ ተነሳ። አክስቴ ሆለታ አካባቢ ግቢዋ ውስጥ ባዶ ክፍል አላት። ሥራዬን ለቅቄ እዚያ ልግባና ልጻፍ እያልኩ ነው። እናቴ «አብደሻል?» አለችኝ። የታናሽ ወንድሜን የትምህርት ቤት ክፍያ የምከፍለው እኔ ነኝ። ምን ይመክሩኛል? (ጫካ የናፈቃት)

መልስ፦ እህቴ፣ አላበድሽም። ግን መጽሐፉን ብዙ ሰው እንደሚያነበው ነው ያነበብሽው፤ ጎጆዋ ላይ ስትደርሺ ሒሳቡን ዘለልሽው።

የ«ዋልደን» የመጀመሪያውና ረጅሙ ምዕራፍ ርዕሱ ራሱ «ኢኮኖሚ» ነው። ቶሮ እዚያ ላይ እንደ ባለሱቅ ቁጭ ብሎ ወጪና ገቢውን ይዘረዝራል። ቤቱ የፈጀው 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ነው። ሚስማር ብቻውን 3 ዶላር ከ90 ሳንቲም ወስዷል። ሳንቃ ለማግኘት የአንድ ባቡር ሐዲድ ሠራተኛን ጎጆ በ4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ገዝቶ አፈረሰ። ሁለት ተኩል ኤከር፣ ማለትም አንድ ሄክታር ገደማ መሬት ላይ በአብዛኛው ቦሎቄ ዘራ። ወጪው ሲነሳ የተረፈው 8 ዶላር ከ71 ሳንቲም ተኩል ነበር። ግማሽ ሳንቲሟ እንኳ አልቀረችውም። እዚያው ዝርዝር ውስጥ ብዙ አንባቢ የሚያልፋት መስመር አለች፦ መንደር እየወጣ በመሬት ቅየሳ፣ በአናጢነትና በቀን ሥራ 13 ዶላር ከ34 ሳንቲም ሠርቷል። ከእርሻው ትርፍ ይበልጣል። አየሽ፣ ጫካ የገባው ሰውዬ ሥራ አልፈታም።

ጫካውም ቢሆን እንደምናስበው ሩቅ አይደለም። ጎጆው የነበረበት ዋልደን ኩሬ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ነው ያለው፤ ከኮንኮርድ መንደር በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ቢያስኬድ ነው። መሬቱ የወዳጁ የጸሐፊው የራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ስለነበር ኪራይ የሚባል ነገር የለም። ወላጆቹ ቤት ብቅ እያለ ይበላ ነበር። ልብሱን እናቱ ታጥብለት ነበር እየተባለ እስካሁን ይቀለድበታል። እኔ በዚህ አልስቅበትም፤ የሚደግፈው ሰው ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ሚስትና ልጅ አልነበረውም፤ የማንንም የትምህርት ቤት ክፍያ አይከፍልም ነበር። አንቺ ትከፍያለሽ። የምትለያዩት እዚህ ላይ ነው፣ በድፍረት አይደለም።

ሥራ የለቀቀበትን ታሪክ ደግሞ ስሚኝ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።) በ1837 ከሃርቫርድ ሲመረቅ አሜሪካ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ነበረች። እሱ ግን ትውልድ መንደሩ ኮንኮርድ ውስጥ በዓመት 500 ዶላር የሚያስገኝ የአስተማሪነት ሥራ አገኘ። ሁለት ሳምንት ገደማ እንደሠራ አንድ የትምህርት ቤት ኮሚቴ አባል መጥቶ «ልጆቹን መግረፍ አለብህ» አለው። ጥቂት ተማሪዎች ገረፈና በዚያው ለቀቀ። ትራንሰንደንታሊዝም የሚባለው አስተሳሰብ በተግባር ሲታይ ይህን ይመስላል። ኤመርሰንና ጓደኞቹ ሰው እውነትን የግድ ከተቋምና ከወግ መቀበል የለበትም፣ ከገዛ ኅሊናውና ከተፈጥሮ በቀጥታ ሊያገኘው ይችላል ይሉ ነበር። በ1846 ባርነትንና የሜክሲኮን ጦርነት የሚደግፍ መንግሥት ነው ብሎ ግብር አልከፍልም ሲል አንድ ሌሊት የታሰረውም በዚሁ ኅሊናው ነው።

ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ግን ጫካ አልገባም። ሥራ ፈለገ! ሜይን ድረስ ሄደ፣ ቨርጂኒያ ላለ ቦታም አመለከተ፣ አልቀናውም። በመጨረሻ ከወንድሙ ከጆን ጋር የራሳቸውን ትምህርት ቤት ይዘው እስከ 1841 አስተማሩ። ኩሬው ዳር የሰፈረው ጁላይ 4 ቀን 1845 ነው፤ ከተመረቀ ከስምንት ዓመት በኋላ።

ለምን ገባ? ላንቺ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ሊጨርሰው የሚፈልገው መጽሐፍ ነበረው። በ1839 ከጆን ጋር በጀልባ ኮንኮርድና ሜሪማክ ወንዞች ላይ ተጉዘው ነበር። ጆን በ1842 መጀመሪያ ምላጭ ጣቱን ቆርጦት በቴታነስ ሞተ። ቶሮ ያንን ጉዞ ሊጽፍ ፈለገ፣ ጸጥ ያለ ቦታም ያስፈልገው ነበር። ከሁለት ዓመት ከሁለት ወር በኋላ ሲወጣ የጉዞው መጽሐፍና የ«ዋልደን» የመጀመሪያ ረቂቅ በእጁ ነበሩ። አንቺስ? ሆለታ በገባሽ ማግስት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የትኛውን ገጽ ነው የምትከፍቺው? ደብዳቤሽ ላይ «ልጻፍ» አለ፣ ምን እንደምትጽፊ ግን የለም።

የጉዞው መጽሐፍ እንዳይመስልሽ ያበላው። በ1849 በራሱ ኪሳራ 1,000 ቅጂ ታተመ። በ1853 አሳታሚው ያልተሸጡትን 706 ቅጂዎች መለሰለት፣ ተሸክሞ ወደ ላይኛው ፎቅ አወጣቸው። ማስታወሻው ላይ «አሁን 900 ያህል መጻሕፍት ያሉት ቤተ መጻሕፍት አለኝ፣ ከ700 በላይ የሚሆኑትን የጻፍኳቸው ራሴ ነኝ» ብሎ ቀለደ። ለአሳታሚው 290 ዶላር ከፍሏል። ገንዘቡ ከየት መጣ ብትይ፣ ከቅየሳና ከእርሳስ።

አዎ፣ ከእርሳስ። አባቱ እርሳስ ፋብሪካ ነበረው። የዘመኑ የአሜሪካ እርሳስ ቅባታም ነው፣ ይሰበራል፣ ወረቀት ያቆሽሻል። ቶሮ ግራፋይቱ (የእርሳሱ ጥቁር ማዕድን) በጣም እንዲልም አድርጎ ከሸክላ አፈር ጋር ማዋሃድን ደረሰበት፤ የቤተሰቡ እርሳስ ከአገሪቱ ምርጦች አንዱ ሆነ። ቅየሳውንም ቢሆን እንዲያው ለእንጀራ ብሎ አልነካካውም። የመንደሩ ሰው ዋልደን ኩሬ መጨረሻ የለውም ይል ነበር። እሱ በ1846 መጀመሪያ፣ ውሃው በረዶ ሆኖ ሳለ፣ በረዶውን እየበሳ በገመድ ላይ ድንጋይ አስሮ ለካው፦ 102 ጫማ፣ 31 ሜትር ገደማ። በሕይወት ዘመኑ ከ150 በላይ መሬቶችን ቀይሷል። ሥራው ሁልጊዜ ይጣፍጠው ነበር አልልሽም። የለካው ደን አንዳንዱ ለመቆረጥ ነበር የሚለካው፣ ያ ያንገበግበው ነበር። ግን ሥራው እየመጣ የሚሄድ ነው፤ ከሰዓቱንና ማታውን ለራሱ ያስቀርለታል።

እንግዲህ ጥያቄዬ፣ ያንቺ ቅየሳ ምንድን ነው? በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የተመረቀች ሰው ትርጉም መሥራት፣ የድርጅቶችን ሪፖርት ማረም፣ ቤት ለቤት ማስጠናት ትችላለች። ከእነዚህ አንዱን ባንክ እያለሽ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ጀምሪው። ስንት እንደሚያስገባ፣ ስንት ሰዓት እንደሚበላ እይው። ከዚያ በፊት የመልቀቂያ ደብዳቤ አታስገቢ። ባንክሽ የኮሙኒኬሽን ክፍል ካለው ደግሞ የውስጥ ክፍት ቦታ ሲወጣ አመልክቺ። ያደከመሽ ባንኩ ነው ወይስ መስኮቱ? ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሆለታን ለመሞከርም ሥራ መልቀቅ አያስፈልግም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለሽ። ውሰጂና ሂጂ። በክረምት ግን አይሁን፣ ጭቃውና ብርዱ ልብሽን ያወልቀዋል። ሌላም ነገር ልንገርሽ። አክስት ቤት ቁጭ ብሎ መጻፍ ከባንክ መስኮት የባሰ ሊሆን ይችላል። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ «ልጄ ዝም ብለሽ ወረቀት ላይ ስታፈጪ ዋልሽ» ይባላል። ከመሄድሽ በፊት ጠዋት ጠዋት እንዳትጠሪ ተነጋገሪ፣ ለክፍሉም በወር ትንሽ ነገር ስጫት። ከፍለሽ ስትቀመጪ በርሽን መዝጋት ያንሳል ነውርነቱ።

ተመልሰሽ ገጾቹ ካሉና ልልቀቅ ካልሽ፣ ሕጉ የሚጠይቅሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያ በፊት የወንድምሽ የአንድ ሙሉ ዓመት ክፍያ በሌላ ሒሳብ ቁጭ ይበል። እናትሽን የሚያሳምናት ይህ እንጂ የቶሮ ጥቅስ አይደለም።

«ተመርቄ መስኮት ላይ ቀረሁ» የሚል እፍረት ደብዳቤሽ ውስጥ ሸትቶኛል። በ1847 ከሃርቫርድ አብረውት የተመረቁት ሁሉ ምን ላይ ናችሁ ተብለው ተጠየቁ። ቶሮ የመለሰው ይህን ነው፦ አስተማሪ፣ አስጠኚ፣ ቀያሽ፣ አትክልተኛ፣ ገበሬ፣ ቀለም ቀቢ (የቤት)፣ አናጢ፣ ግንበኛ፣ የቀን ሠራተኛ፣ እርሳስ ሠሪ፣ የብርጭቆ ወረቀት ሠሪ፣ ጸሐፊ፣ አንዳንዴም ግጥም ሞካሪ። ጸሐፊ የሚለው ወደ መጨረሻው ነው የመጣው። ገንዘብ የቸገረው የክፍል ጓደኛ ካለም ይጻፍልኝ፣ ከገንዘብ የሚበልጥ ምክር እሰጠዋለሁ ብሎ ጨምሯል። ቀልዱ አይለቀውም።

አሁን አንድ ወረቀት ውሰጂና የአንድ ወር ወጪሽን በእሱ መንገድ ጻፊ፤ ታክሲውን፣ ማኪያቶውን፣ የወንድምሽን ክፍያ፣ ሳንቲሙን ሳታስቀሪ። ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ልትጽፊ ያሰብሽውንም ነገር የመጀመሪያ ገጽ አብረሽ ላኪው፣ ገና ያልታረመ ቢሆንም።