ጠይቁኝ፦ በረዶን ከሩቅ ማየት

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ገና ሲቃረብ የብዙ ሰው ዓይን በረዶ ላይ ያርፋል። እኔም የምወደው ነገር ስለሆነ ሦስቱንም አብሬ ልመልስ።

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። በረዶ የለበሰ አገር ረግጬ አላውቅም። ከእንግዲህም ጉልበቴ የሚፈቅድልኝ አይመስለኝም። ገና በመጣ ቁጥር ግን ማታ ማታ ስልኬን ይዤ የበረዶ አገር ካሜራዎችን በቀጥታ አያለሁ። የእንጨት ቤት፣ ዛፍ፣ መብራት። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ሙሉ። ልጆቼ ‹ሄደሽ ካልነካሽው ምኑን አየሽው?› ይሉኛል። እውነት ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?»

መልስ፦ በጭራሽ። ይህን የምልዎት ላጽናናዎት ብዬ አይደለም። እኔ የበረዶ አገር አራት ዓመት ኖሬያለሁ። በረዶን በደንብ ያየሁት ግን ከተመለስኩ በኋላ ነው።

እዚያ ሳለሁ በረዶ ማለት መንገድ ነበር። ጠዋት ከቤት ስወጣ አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን እያየሁ ነው የምሄደው። ከላይ አዲስ በረዶ አለ። ከሥሩ ደግሞ እንደ መስታወት የሚያንሸራትት ግግር ተደብቋል። በሁለተኛው ዓመት፣ ገና አምስት ቀን ሲቀረው ወደቅሁ። የእጄ አንጓ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ውጭ ስሄድ ቀና ብዬ ዛፍ ማየት ተውኩ። ጎረቤቴም ያው ነበረች። ማለዳ ማለዳ የማያት አካፋ ይዛ የመኪናዋን ዙሪያ ስትጠርግ ነው። ሁለታችንም ከበረዶው መሀል ሆነን በረዶውን አናየውም ነበር።

ከሩቅ የሚያይ ሰው ይህ ሁሉ የለበትም። ዓይኑ ነፃ ነው።

የድሮ ሠዓሊዎችም ይህ የገባቸው ይመስለኛል። ፒተር ብሩገል እ.ኤ.አ. በ1565 የሣለው፣ አሁን ቪየና ሙዚየም ውስጥ የተሰቀለ አንድ ሥዕል አለ። አዳኞች ከነውሾቻቸው በረዶ እየረገጡ ወደ መንደር ሲመለሱ ያሳያል። ሠዓሊው እኛን ያቆመን ኮረብታው ላይ ነው። ከታች ውሃው ረግቷል፤ ሰዎች በላዩ ይንሸራተታሉ። ከርቀቱ የተነሳ ጥፍር አያክሉም። አዳኞቹ ጀርባቸውን ሰጥተውናል፤ ደክሟቸዋል። ይዘው የመጡት አንዲት ቀበሮ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ሸለቆ የሚያዩ አይመስሉም። የምናየው እኛ ነን። ሥዕሉን ስልክዎ ላይ ከፍተው፣ አጉልተው ጥግ ጥጉን ይዩት። አንድ ማታ አይበቃዎትም።

ካሜራዎቹን ሲያዩ ደግሞ መጀመሪያ ጥላውን ይፈልጉ። ፀሐይ በወጣበት ቀን በረዶ ላይ ያረፈ የዛፍ ጥላ ጥቁር አይደለም፤ ሰማያዊ ነው። ፀሐይዋ በቀጥታ የማትደርስበት ቦታ ላይ የሚያርፈው የሰማዩ ብርሃን ነው። ንጹሕ በረዶ ያረፈበትን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል፤ አዲስ ሲሆን እስከ ዘጠኝ አሥረኛ ድረስ። ሰማያዊ ከሰጡት ሰማያዊ ይመልሳል። ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1868 መጨረሻና በ1869 መጀመሪያ በሣለው የበረዶ ሥዕል ላይ የአጥሩን ጥላ እንዲሁ ሰማያዊ አድርጎታል። በር ላይ አንዲት ወፍ ብቻዋን ተቀምጣለች። በ1869 የፓሪሱ ትልቅ ዐውደ ርዕይ ዳኞች ሥዕሉን መለሱበት። ዛሬ እዚያው ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ ሰው ተሰልፎ ያየዋል።

ከጥላው ቀጥሎ ጣሪያዎቹን እወዳለሁ። የበረዶ አገር ሰው ቤቱን ሲሠራ በረዶውን አስቦ ነው። ጃፓን ውስጥ ሺራካዋ ጎ የሚባል መንደር አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የቤቶቹ ጣሪያ የሣር ክዳን ነው፤ በጣም ቀጥ ብሎ የሾለ ነው። በረዶው ከብዶ ቤቱን እንዳያፈርሰው ነው እንዲህ የተሠራው። የአሠራሩ ስም በጃፓንኛ ለጸሎት የተጋጠሙ እጆች ማለት ነው። በረዶ በበዛበት ማታ መስኮቶቹ ሲበሩ ይዩት። ስሙ ለምን እንደተሰጠው ወዲያው ይገባዎታል።

ድምፅ ያለው ካሜራ ካገኙ ደግሞ ድምፁን ከፍ ያድርጉት። መጀመሪያ በረዶ የጣለ ቀን ጠዋት ስነቃ ጆሮዬ የተደፈነ መስሎኝ ነበር። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ፤ ይሰማኛል። ወደ ላይ ሳይ የክፍሉ ጣሪያ በርቷል። ብርሃኑ የሚገባው ከሰማይ ሳይሆን ከታች፣ ከመሬቱ ነበር። መስኮቱን ስከፍት ነው ነገሩ የገባኝ። አዲስ የወደቀ በረዶ አብዛኛው አየር ነው፤ እንደ ባዘቶ የተነፋ። ድምፅ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። እና ካሜራው ምንም ድምፅ ካልሰጠዎት ዝም ብለው ይጠብቁ። ሩቅ የሆነ የውሻ ጩኸት ወይም የሰው ርምጃ ይመጣል።

ልጆችዎ «ምኑን አየሽው?» ሲሉዎት አጠገብዎ ያስቀምጧቸውና የጥላው ቀለም ምን እንደሆነ ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ «ባለፈው ዓመት በገና ዋዜማ የሰሜን ኖርዌይ ካሜራ ከፈትኩ። ጠዋት ጨለማ። ከሰዓት ጨለማ። ማታም ያው። ተስፋ ቆርጬ ዘጋሁት። ካሜራው ተበላሽቶ ነው? ለመሆኑስ ገና ያለ በረዶ ገና አይመስልም ያለው ማነው?»

መልስ፦ ካሜራው ደህና ነው ወንድሜ። ያልወጣችው ፀሐይዋ ናት። ትሮምሶን በመሰሉ፣ የምድርን ሰሜናዊ ጫፍ ከሚከብበው የአርክቲክ ክበብ መስመር በላይ ባሉ ከተሞች እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ከአድማስ ብቅ አትልም። ምድር ዘንበል ብላ ስለምትሽከረከር በዚያ ወቅት ጫፏ ፊቱን ከፀሐይ ያዞራል። ግን ቀኑን ሙሉ ድቅድቅ አይደለም። በእኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ሰዓት ሰማዩ ይቀላል፤ ተራራውም፣ ባሕሩም፣ በረዶውም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ይሆናሉ። አንተ ያመለጠህ ይህ ነው። የቦታውን ሰዓት አረጋግጥና በእነሱ እኩለ ቀን ክፈተው።

ትንሽ ፀሐይ ካማረህ ወደ ፊንላንድ ውረድ። ሮቫኒሚ ከአርክቲክ ክበቡ አጠገብ ናት። በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ቀኑ ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ፀሐይዋ አድማሱን እየታከከች አልፋ ትገባለች። በዚያች አጭር ጊዜ በረዶው ሮዝ ይመስላል። ሰፋ ያለ ቀን ከፈለግህ ደግሞ የስዊዘርላንድ ተራራዎች አሉልህ፤ እዚያ ከስምንት ሰዓት በላይ ብርሃን ታገኛለህ። ዜርማት ከሚባለው መንደር 4,478 ሜትር ከፍታ ያለው ማተርሆርን ይታያል። እነዚያ ካሜራዎች የተተከሉት የበረዶ ሸርተቴ ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት የአየሩን ሁኔታ እንዲያዩ ነው። ስለዚህ ሳያጌጡ እውነቱን ያሳያሉ። ጭጋግ ሲሆን ጭጋግ ነው የምታየው። ለእኔ ይህ ከተቀነባበረ ቪዲዮ ይበልጥብኛል።

ሁለተኛው ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። ልደቱ የሆነባት ቤተልሔም በረዶ የምታየው አልፎ አልፎ ነው። ከምድር ወገብ በታች ላለው ሕዝብ የታኅሣሥ ገና የሙቀት ወቅት ነው። በረዶ የለበሰው የገና ሥዕል የመጣው ከአውሮፓ ነው፤ ብርዱ ከዛሬው ከበረታባቸው ዘመናት። በለንደን የቴምዝ ወንዝ ረግቶ በላዩ ገበያ ይቆም ነበር። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1814 ነው። ደግሞ ይህን አስተውል፦ ሄንሪ ኮል የተባለ ሰው በ1843 ለገበያ የቀረበውን የመጀመሪያ የገና ካርድ ሲያሳትም ሥዕሉ ላይ በረዶ አልነበረም። ማዕድ የከበበ ቤተሰብ ነበር፤ በግራና በቀኝ ደግሞ የተራበ ሲበላ፣ የታረዘ ሲለብስ። በረዶው ካርዶች ላይ የበዛው ኋላ ነው። ስለዚህ የከፈትከው ካሜራ እርጥብ መንገድ ካሳየህ ገናው ጎደለ ማለት አይደለም። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ተመለስበት። ብዙ ቦታ በረዶው የሚጠልቀው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ በረዶ አገር ይኖራል። ፎቶ ላክልኝ ስለው ‹ምኑን ላንሳልሽ፣ ሁሉም ነጭ ነው› ይለኛል። ሲልክም በረዶው ግራጫ ሆኖ ይመጣል። እኔ የምፈልገው ቅንጣቷን ቀረብ ብዬ ማየት ነው። እውነት ሁሉም ባለ ስድስት ጫፍ ናቸው?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። እኛ በረዶ የምንለው ብዙ ነገር ነው። ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው። አንቺ የምትዪው ሌላ ነው፤ አንዳንዶች አመዳይ የሚሉት። ቆርቆሮ የሚደበድበው ነጎድጓድ ደመና ውስጥ ወደ ላይ ወደ ታች እየተወረወረ በላዩ ውሃ እየረጋበት የሚያድግ ድንጋይ ነው። ስድስት ጫፍ የለውም። አመዳዩ ግን እንፋሎት ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ በረዶ ሲለወጥ የሚሠራ ነው። የውሃ ሞለኪውሎች ሲረጉ በስድስት ጎን ይያያዛሉ፤ ስድስቱ ጫፍ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሁሉም ግን ኮከብ አይሆኑም። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ገደማ ቀጫጭን መርፌ ይሆናሉ። ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ነው ያ ቅርንጫፍ ያለው፣ የምታውቂው ኮከብ የሚወርደው። ስለዚህ ወንድምሽ ቴርሞሜትሩን አይቶ ይውጣ።

ዊልሰን ቤንትሌይን ብታውቂው እወዳለሁ። አሜሪካ፣ ቬርሞንት ውስጥ ጄሪኮ የምትባል መንደር የኖረ ገበሬ ነው። ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አያይዞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1885 የአንድ ቅንጣት ፎቶ አነሳ። ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። ዕድሜውን ሙሉ ከ5,000 በላይ አነሳ። ቅንጣቷ እንዳትቀልጥ በቅዝቃዜ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በላባ ነበር የሚያስተካክላት። ከእሱ በኋላ ጃፓናዊው ኡኪቺሮ ናካያ በ1936 ሆካይዶ ላይ በቤተ ሙከራ ቅንጣት አበቀለ። ያበቀለው የጥንቸል ጸጉር ጫፍ ላይ ነው። በየትኛው ቅዝቃዜ የትኛው ቅርጽ እንደሚወጣ ያስተማረን እሱ ነው። ሁለቱም በአንዲት ነገር ላይ ዕድሜያቸውን አፈሰሱ፤ እኔ በዚህ በጣም እነካለሁ።

ወንድምሽ ማይክሮስኮፕ አያስፈልገውም። ጥቁር የሱፍ ጓንት ውጭ አስቀምጦ ያቀዝቅዘው፤ ሞቅ ያለ ከሆነ ቅንጣቷ ወዲያው ትጠፋለች። ጓንቱ ላይ ስታርፍ ትንፋሹን ይዞ ያንሳት። የግራጫው ነገር ቀላል ነው። ካሜራው ሁሉም ነጭ ሲሆንበት ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል። ስክሪኑን ነክቶ ብርሃኑን ከፍ ያድርገው። ስልኩን ደግሞ ከውስጥ ኪሱ፣ ገላው አጠገብ ይያዘው። ባትሪ በብርድ ቶሎ ያልቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። «በረዶ ላክልኝ» አትበዪው። የሚኖርበት ሰው ምን ማንሳት እንዳለበት አያውቅም። «ከበርህ እስከ መንገዱ ድረስ የረገጥከውን ዱካ አንሳልኝ» በዪው። ወይም «ከመስኮትህ የሚታየውን ዛፍ፣ ሁልጊዜ አንዱን»። እኔ እዚያ ያፈራኋት ጓደኛ አለችኝ። በየዓመቱ በገና ዋዜማ የድሮ ቤታችን ፊት ያለውን አግዳሚ ወንበር የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ትልክልኛለች። አንድ ዓመት በረዶው መቀመጫውን ውጦ መደገፊያው ብቻ ቀርቶ ነበር። አንድ ዓመት ላዩ ላይ የወፍ ዱካ ነበር፤ ዳር ደርሶ ይቋረጣል፣ ወፏ በራለች። ባለፈው ዓመት ምንም አልነበረም። ወንበሩ ዝናብ መቶት እርጥብ ነው፤ ከሥሩ የረገፈ ቅጠል አለ። «ይቅርታ፣ ዘንድሮ አልጣለም» ብላ ጽፋበታለች። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት።