ታናሹ ሲያነብ ታላቁ ጠረጴዛ ሥር ይገባል

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ሰባት ልጆች እናሳድጋለን። የ15 ዓመቷን ሴትና የ12 ዓመቱን ወንድ ወልደናቸዋል። የ9 ዓመቷ ልጃችንና የ2 ዓመቱ ሕፃን ገና በጨቅላነታቸው በጉዲፈቻ የመጡ ናቸው። ባለፈው ዓመት ደግሞ ሦስት የአንድ እናት ልጆች፣ የ10 እና የ7 ዓመት ወንዶችና የ5 ዓመት ሴት፣ ከሕፃናት ማሳደጊያ ወጥተው ቤታችን ገቡ። አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ እንድንወስድ ተጠይቀን ነበር፤ መለያየታቸውን ግን አልፈለግንም።

የ10 ዓመቱን ልጅ ትምህርት ቤት ስናስገባው ዕድሜውን አይተው አራተኛ ክፍል መደቡት። ፊደል እንኳ በቅጡ አይለይም ነበር። ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል፤ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ባለቤቴና እኔ መክረን ሰባቱንም ቤት ለማቆየትና እኔው ለማስተማር ወሰንን። ያለፈው ሳምንት እንዴት እንዳለፈ ልንገርዎት።

ሰኞ ጥሩ ዋልን። ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት የጊዜ ሰሌዳ እስከ ምሳ ድረስ ተከበረ። ማክሰኞ በንባብ ሰዓት ሁለቱን ወንድማማቾች እንደ ወትሮው ጎን ለጎን አስቀምጬ አንዱን ገጽ በተራ እንዲያነቡ አደረግሁ። ታናሹ ፈጠን ብሎ አነበበ። ታላቁ ግን ባለፈው ዓርብ አሳምሮ ያነበባቸውን ቃላት ረስቷቸዋል። «እንደገና ሞክር» ስለው እርሳሱን ሰብሮ ጠረጴዛው ሥር ገባ፤ ምሳ እስኪደርስም አልወጣም። ረቡዕና ሐሙስም ይኸው ተደገመ።

ረቡዕ ሌላም ነገር መጣ። መማሪያ መጽሐፉ ላይ የቤተሰብ ሐረግ መሳል የሚል መልመጃ ነበር። የ9 ዓመቷ ልጄ «እናት» የሚለው ሳጥን ላይ ስትደርስ ቀና ብላ «አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ የቷን እናቴን ልጻፍ?» አለችኝ። በጉዲፈቻ መምጣቷን ከሕፃንነቷ ጀምረን ነግረናታል፤ እስከ ዛሬ እንደ ተረት እየተደሰተች ነበር የምትሰማው። ያን ዕለት ግን ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ቀኑን ሙሉ ዝም ብላ ዋለች።

ሐሙስ ሕፃኑን ትኩሳት ያዘው። ትልቋ ልጄ እሱን እያባበለች፣ የ5 ዓመቷንም ቁጥር እያስቆጠረች ዋለች። የራሷ አልጀብራ ከሰኞ ወዲህ አልተነካም። አላጉረመረመችም፤ ማጉረምረምም አታውቅበትም።

ዓርብ አቅሜ አለቀ። ሰሌዳውን ትቼ ሁሉንም ምንጣፍ ላይ ሰበሰብኩና ስለ ባሕር ጉዞ የሚተርክ ረጅም ታሪክ እስከ ምሳ አነበብኩላቸው። የ10 ዓመቱ ልጅ ጠረጴዛው ሥር ሆኖ ይሰማ ነበር። ማታ አባቱ ከሥራ ሲገባ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ የመርከበኞቹ ጠብ ሳይቀር፣ ተረከለት። ግን ይህ ትምህርት ይባላል?

ቅዳሜ ሰሌዳውን ሳየው ግማሹም አልተሠራም። የባለቤቴ እህት «ለራስሽም ለልጆቹም ስትይ ትምህርት ቤት መልሻቸው» ትለኛለች። ባለቤቴ የምትወስኚውን እቀበላለሁ ብሏል። ልጄን እንዴት ላስነብበው? መቀጠልስ አለብኝ? እንደ ልጅዎ ቆጥረው ይምከሩኝ።

የሰባት ልጆች እናት

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ በላይ ዓይኔ ያረፈው አንቺ እንደ ዋዛ ያለፍሽው ነገር ላይ ነው፦ ሁለቱ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ገጽ በተራ ያነባሉ፤ ታናሹም ይቀድማል።

ይህ ልጅ ቤታችሁ ከመግባቱ በፊት ምን እንደነበር እናስብ። በማሳደጊያው ውስጥ የሁለት ታናናሾች ታላቅ ነበር። እንዲህ ባለ ኑሮ ያለፉ ታላላቅ ልጆች ብዙ ጊዜ ለታናናሾቻቸው እናትም አባትም ይሆናሉ። ማን እንዳልበላ ያያሉ፣ ሌሊት የሚያለቅሰውን ያባብላሉ፣ ማንም እንዳይመታቸው ይጠብቃሉ። እናንተ ስትመጡ ያ ሸክም ከትከሻው ወረደ፤ መውረዱም ተገቢ ነው። ከሸክሙ ጋር ግን ማዕረጉም አብሮ ሄደ። አሁን በየማለዳው ትናንት ይጠብቀው በነበረው ወንድሙ ፊት ቁጭ ብሎ ይሸነፋል። ጠረጴዛ ሥር የሚያስገባው ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ በንባብ ሰዓት ሁለቱን ለይተሽ አስተምሪያቸው። የታላቁ ንባብ ሌሎቹ በሌሉበት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ከአንቺ ወይም ከአባቱ ጋር ብቻ ይሁን። አባቱ ከሥራ በፊት ትንሽ ጊዜ ማግኘት ከቻለ ደግሞ እሰየው፤ ዓርብ ማታ ታሪኩን ለማን እንደተረከ አንቺው ነግረሽኛል።

ስለዚያ ዓርብ ይህ ትምህርት ይባላል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ከሳምንቱ ሁሉ ትልቁ ትምህርት እሱ ነበር፤ ለአንቺ ለአስተማሪዋም ብዙ ይነግርሻል። እ.ኤ.አ. በ1986 ፊሊፕ ጎፍ እና ዊሊያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች አንብቦ መረዳት የሁለት ችሎታዎች ብዜት ነው አሉ። አንዱ የተጻፈውን ፊደል ወደ ድምፅና ቃል መለወጥ ነው፤ ሌላው የሚሰማውን ቋንቋ መረዳት ነው። ድምር ሳይሆን ብዜት ማለታቸው፣ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው ምንም ያህል ቢበረታ ውጤቱ ዜሮ ስለሚሆን ነው። ልጅሽ ረጅም ታሪክ ሰምቶ፣ በልቡ ይዞ፣ ከሰዓታት በኋላ በቅደም ተከተል መተረክ ችሏል። ሁለተኛው ችሎታ አለው ማለት ነው፤ ያውም ሞልቶ የተረፈ። የጎደለው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በሥርዓት ሲያስተምሩት የሚያዝ ነገር ነው።

አጭርና ተደጋጋሚ አድርጊው። ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ደቂቃ በትግል ከሚያልፍ አንድ ሰዓት ይበልጣል። አስቀድሞ ከሚያውቃቸው ፊደሎች ተነሺ፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ አዲስ አትጨምሪ። ድምፁን ሰምቶ ይጻፍ፣ የጻፈውን መልሶ ያንብብ። ለሕፃናት የተሰናዳ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ግን ፊቱ አታስቀምጪ፤ በ10 ዓመቱ ያን መያዝ ያሳፍረዋል። የመርከበኞቹን ጠብ በራሱ አንደበት ይንገርሽ፤ አንቺ እሱ ባለው ቃል፣ አጫጭር አድርገሽ ጻፊለት፤ ነገ የሚያነበው ይህን ይሁን። ራሱ የተናገረው ስለሆነ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ግማሹን ያውቀዋል፤ ፊደሉን ለማረጋገጥም ድፍረት ያገኛል። ጥቂት ገጾች ሲጠራቀሙ ስፊና የመጀመሪያ መጽሐፉ አድርጊለት።

ከዓርብ እስከ ማክሰኞ መርሳቱ አያስደንግጥሽ። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ከተማርነው የሚበዛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ ነው። ዳግም ሲማሩት ግን ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ ይመለሳል። የጠፋ የሚመስለው ሁሉ አልጠፋም ማለት ነው። ሰኞን ለክለሳ ተዪው፤ ቅዳሜም አምስት ደቂቃ ብትሰርቂ አይከፋም። ዓይኑንና ጆሮውንም አስመርምሪው። በማሳደጊያ ያደጉ ልጆች ሳይመረመሩ መቅረታቸው የተለመደ ነው። ለወራት በትጋት ሠርታችሁ ፊደልና ድምፅ አልገጥም ካሉት ዲስሌክሲያ የሚባለው፣ ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት የሚያስቸግር የንባብ እክል ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው።

እንደገና ጠረጴዛው ሥር ከገባ አትጎትቺው፤ ባዶ ቤት ትተሽውም አትሂጂ። አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ በይና ሥራሽን ቀጥዪ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ቦውልቢና ሜሪ ኤይንስወርዝ ስለ ልጅና አሳዳጊ ቁርኝት ባጠኑት ውስጥ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ልጅ አዲስ ነገር ለመሞከር የሚደፍረው፣ ሲፈራ የሚመለስበት አስተማማኝ ሰው ሲኖረው ነው። ይህ ልጅ እንዲህ ያለ ሰው ካገኘ ገና አንድ ዓመቱ ነው። ከፊቱ የምትጠብቂው ወላጅ ሆነሽ እንጂ ፈታኝ ሆነሽ አይሁን። ታላቅነቱንም መልሺለት። ዓርብ ያነበብሽውን ታሪክ ለ5 ዓመቷ እህቱ እሱ ይተርክላት፤ ታናሽ ወንድሙም ቁጭ ብሎ ይስማው።

ወደ 9 ዓመቷ ልጅሽ ልምጣ። ጥያቄዋ አሁን መምጣቱ በዕድሜዋ የሚጠበቅ ነው። በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆችን ለብዙ ዓመታት ያጠናው ዴቪድ ብሮድዚንስኪ እንደሚያስረዳው፣ ትንንሽ ልጆች የጉዲፈቻቸውን ታሪክ በደስታ ይደግሙታል እንጂ ሙሉ ትርጉሙ አይገባቸውም። ትምህርት ቤት የሚገቡበት ዕድሜ ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ቤተሰብ ተቀበለኝ ማለት ሌላ ቤተሰብ አጣሁ ማለትም እንደሆነ ይረዳሉ። ያን ጊዜ ያዝናሉ። ኀዘኗ እናንተን አለመውደድ እንዳልሆነ አንቺም ባለቤትሽም እወቁት፤ እሷም ከአፋችሁ ትስማው። ዝም ብላ ስለዋለች ተረስቷታል ብለሽ አትለፊው። ሁለታችሁ ብቻችሁን በሆናችሁበት ሰዓት «ረቡዕ የጠየቅሽኝ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱም ቦታ ሊኖራቸው ይገባል» በያት። ሥሩ ላይ የወለዷትን፣ ቅርንጫፉ ላይ የሚያሳድጓትን የምታሰፍርበት ዛፍ መሳል ትችላለች። ስማቸው ካልታወቀ «የወለደችኝ እናቴ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። መልመጃውን ደግሞ ሁሉም በአንድ ዓይነት ይሥሩት፤ የወለድሻቸው ሁለቱ በአንድ መልክ፣ ሌሎቹ በሌላ መልክ ከሳሉ ጠረጴዛው ለሁለት ይከፈላል። ሦስቱ ስለ ቀድሞ ቤታቸው ማስታወስ ካልፈለጉ ገጹ ባዶ ይደር። ታሪኩ የእነሱ ነው፤ ለክፍል ሥራ ሲባል አይወጣም።

ስለ ሰሌዳው ብዙ አልልም። ሰባት ልጆች ላይ ሰባት ትምህርት ቤት አትክፈቺ። ሒሳብና ንባብ ለየብቻ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ሳይንስ በጋራ፣ እንደ ዓርቡ ምንጣፍ ላይ። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የትምህርት ሊቅ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ በከፈተችው የልጆች ቤት የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ልጆች በአንድ ክፍል አስተምራለች፤ ዘዴዋም እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ከአንድ ልጅ ጋር ፊት ለፊት የሚሠራ ሒሳብ አርባ ልጅ ባለበት ክፍል የሚወስደውን ጊዜ ስለማይወስድ፣ ሰዓት መቁጠሩ ራሱ ያሳስትሻል።

የምሰጋው ለትልቋ ልጅሽ ነው። የማያጉረመርም ልጅ ቤት ውስጥ በቀላሉ ይረሳል። ሕፃኑ የሚተኛበትን ሰዓት የእሷ አድርጊው፤ ምንም ነገር ቢመጣ አልጀብራዋ ከዚያ ሰዓት አይነሳ። ታናናሾቿን መርዳቷ መልካም ነው፤ ግን የምትረዳው ምን ምን እንደሆነ ተነጋግራችሁ ወስኑት፤ እምቢ የማለት መብትም ይኑራት። እሷ ዘንድ ሌላም ነገር አለ፤ በቅርብ ዓመታት ፈተና ይጠብቃታል። ቤት መማር የሚፈቀድበት ሁኔታ ከአገር አገር ይለያያል። በጀርመን ሕጉ አይፈቅደውም ማለት ይቻላል፤ በአሜሪካ በሁሉም ግዛቶች ይፈቀዳል፤ ብዙ ቦታ ምዝገባ ያስፈልጋል። በምትኖሩበት አገር ቤት የተማረ ልጅ ለፈተና እንዴት እንደሚቀርብ ዘንድሮውኑ ከሚመለከተው ክፍል ጠይቂ።

መቀጠል አለብኝ ወይ ላልሽው፣ ቀጥዪ እላለሁ። የባለቤትሽ እህት የምትናገረው ድካምሽን አይታ ስለሆነ አትቀየሚያት፤ ይልቅ ሐሙስ ሐሙስ መጥታ ሕፃኑን እንድትይዝልሽ ለምኛት። ውሳኔው ግን ለሰባቱ አንድ መሆን የለበትም። የ10 ዓመቱ ልጅ ንባብ እስኪይዝ ቤት ይቆይ። ትልቋን ግን ትምህርት ቤት መመለስ ትፈልግ እንደሆነ ለብቻዋ ጠይቂያት፤ እወዳለሁ ካለችሽ ላኪያት።