መንጠቆ ላይ ዝንብ ስለመሥራት፦ ቅዳሜና እሁድ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ባለሞርሳው ነኝ፣ ከሐዋሳ። በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለበዛ ሁሉንም እዚሁ በአንድ ላይ ልመልስ። ርዕሱ ላባና ክር መንጠቆ ላይ ጠምጥሞ እውነተኛዋን ነፍሳት የሚመስል የዓሣ ማጥመጃ መሥራት ነው። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ የመንጠቆውን ቀዳዳ በክር አትዝጉ። ሁለተኛ፣ ከዱር ወፍ ላባ አትንቀሉ። በሉ ቀጥሉ።

የታቦር ልጅ፦ ጋሼ፣ ጥሩ ዝንብ እንዴት ነው የሚሠራው?

ባለሞርሳው፦ የቱ ዝንብ? ለየቱ ዓሣ? የሚንሳፈፍ ነው የሚሰምጥ? እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለኝም። ሐይቁ ዳር ሂድ፣ ድንጋይ ገልብጥ፣ ሣር ሥር ፈልግ። ያገኘኸውን በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርገህ ግማሽ ሰዓት ተመልከተው። ከዚያ ተመለስ።

አላሙራ፦ ለመጀመር ምን ምን ያስፈልገኛል? እዚህ የሚሸጥ ነገር የለም።

ባለሞርሳው፦ አለ እንጂ፣ የምትፈልገው ሌላ ሱቅ ስለሆነ ነው። ትልቁ ነገር መንጠቆውን የሚይዝልህ ትንሽ ሞርሳ ነው። የጋራዥ ሞርሳ አይሆንም፣ አፉ ሰፊ ስለሆነ መንጠቆውን አላስነካ ይልሃል። እኔ የመጀመሪያዬን ያሠራሁት ብረት ቤት ነው፣ የአሮጌ ፒንሳ አፍ በሞረድ አሹለው እግር በየዱልኝ። እስከ ዛሬ ይሠራል። ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሞተር የሚጠቀልሉ ቤቶች ጠይቅ፣ ቁርጥራጩን በነጻ ይሰጡሃል። ለማሸጊያ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ይበቃል። ወረንጦ፣ ስለታም ትንሽ መቀስ፣ መርፌ። የስፌት ክር እንዳለ አትጠቀም፣ ወፍራም ነው፤ ፈትተህ አንዱን ዘለላ ብቻ ውሰድ። በወፍራም ክር ስትሠራ ጭንቅላቱ ላይ ይከመርና ቀዳዳው ይዘጋል። ውሃ ዳር ቆመህ ነው የምታውቀው፣ ናይለኑ አልገባ ሲልህ። መንጠቆው ግን ከውጭ ነው የሚመጣው። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ እወቅ፣ 16 ከ10 ያነሰ ነው። በ10 ጀምር።

ሚጢጢ፦ ዝንቡ ምንም ክብደት የለውም፣ ታዲያ እንዴት ነው ሩቅ የሚወረወረው?

ባለሞርሳው፦ ክብደቱ ያለው ወፍራሙ ገመድ ላይ ነው። ገመዱ ይወረወራል፣ ዝንቡ ይከተላል። ውርወራ ሌላ ቀን።

የባሌው፦ ዳንካና ወይብ ወንዝ ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ ከየት ነው የሚወጣው? ስንት ነው?

ባለሞርሳው፦ የባሌ ተራሮች ፓርክን ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። እኔ የምመልሰው መንጠቆ ላይ ስለሚታሰረው ነው።

ወንዶ ገነት፦ እኔ ላባው ነው ግራ የገባኝ። ከቤት ዶሮ ይሆናል ወይስ የግድ የውጩን መግዛት አለብኝ?

ባለሞርሳው፦ ይሄ ነው ጥያቄ ማለት። ይሆናል እህቴ፣ በደንብ ይሆናል።

የሚንሳፈፍ ዝንብ የሚቆመው በላባ ነው። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ረጅም፣ ጠባብና ጠንካራ ነው። የመንጠቆው ግንድ ላይ፣ ቀጥ ያለው ረጅሙ ክፍል ላይ ማለቴ ነው፣ ስትጠመጥሚው የላባው ፀጉሮች ዙሪያውን ይቆማሉ፣ ዝንቡም በፀጉሮቹ ጫፍ ውሃው ላይ ይቀመጣል። የሴቷ ዶሮ ላባ ልስልስ ስለሆነ ውሃ ይጠጣል፣ እሱ ለሚሰምጠው ነው። የፀጉሮቹ ርዝመት ከመንጠቆው ጫፍ እስከ ግንዱ ካለው ክፍተት 1.5 እጥፍ ይሁን። ጅራቱ ደግሞ የግንዱን ያህል።

አሁን የበዓሉን ዶሮ እንዴት እንደምታተርፊ ልንገርሽ። ችግሩ የፈላው ውሃ ነው። ዶሮው ታርዶ ለመንጨት ፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ላባው አለቀለት፣ ይጣመማል፣ አንጸባራቂነቱ ይጠፋል። ስለዚህ ከእናትሽ ጋር ቀድመሽ ተስማሚ። ውሃው ከመምጣቱ በፊት የአንገቱን ቆዳ ከነላባው ግፈፊው፣ ለወጡ ቆዳው አይፈለግም። ስቡን ፋቂ፣ የውስጡን ጎን ጨው ቀቢው፣ ካርቶን ላይ ወጥረሽ ጥላ ውስጥ አድርቂ። ሲደርቅ በላስቲክ ጠቅልለሽ ጥቂት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆይው፣ አለበለዚያ ቅማልና ብል ሙሉ ሣጥንሽን ይጨርሰዋል። እኔ አንድ ዓመት የሰበሰብኩት በብል አልቆብኛል። የአበሻ ዶሮ ላባ ፀጉሩ ረጅም ስለሆነ ለትንንሽ መንጠቆ አይመጥንም። ለ10 እና ለ12 ግን ግሩም ነው። ገብስማ አውራ ዶሮ ካገኘሽ አትልቀቂው። ፈረንጆቹ ግሪዝሊ ብለው በውድ የሚሸጡት መልክ ለገብስማ ይቀርባል፣ ነጭና ጥቁሩ ሲደባለቅ ውሃ ላይ የሚንቀሳቀስ ክንፍ ይመስላል።

የአሞራ ገደሉ፦ ማራቡ የሚባለው ላባ ከአባ ኮዳ ወፍ ነው አይደል? እኛ ጋ ሞልቷል፣ ዓሣ ሲሰነጠቅ ከእግራችን ሥር አይጠፋም። መሬት ላይ የወደቀውን ላምጣ?

ባለሞርሳው፦ አታምጣ። ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ አንብብ።

ስሙ ከእሱ መምጣቱ እውነት ነው። ድሮ የአባ ኮዳ የጅራቱ ሥር ነጭ ለስላሳ ላባ ለፈረንጅ ሴቶች ልብስ ማስጌጫ ይሸጥ ነበር፣ ዝንብ ሠሪዎችም ያንኑ ይጠቀሙ ነበር። ዛሬ በፓኬት ማራቡ ተብሎ የሚሸጠው ግን ቱርኪ የሚባለው ትልቅ ዶሮ ላባ ነው። ስሙ ብቻ ቀረ። እኛ የዶሮ ላባ እያለን ወፉን የምንነካበት ምንም ምክንያት የለም። ዛሬ የወደቀ የለቀመ ነገ ይነቅላል፣ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። አባ ኮዳ የሌለበት አሞራ ገደል ማየት አልፈልግም።

የአሞራ ገደሉ፦ እሺ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ። ለማንኛውም ስትመጣ ጥሬ ዓሣ በዳጣ እጋብዝሃለሁ።

አላሙራ፦ ጥሬው ለምንድነው? የአሞራ ገደል ነገሩ ጥብሱ ነው፣ ሙሉውን ተሰንጥቆ።

የአሞራ ገደሉ፦ ጥብስ የትም አለ ወንድሜ። ጠዋት ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ ጥሬውን ካልበላህ ሐዋሳ መጣሁ አትበል።

ሚጢጢ፦ ሾርባውንስ ረሳችሁት?

ባለሞርሳው፦ ምግቡን ለብቻ አውሩት፣ ጥያቄዎች እየተቀበሩብኝ ነው።

ሰዓሊው፦ እኔ አንድ ነገር ልሞግት። እነዚህ ዓይን፣ ጉልበት፣ የክንፍ ሥር የሚሠራላቸው ዝንቦች ለሰው ዓይን እንጂ ለዓሣ አይደሉም። ዓሣ ጉልበት አይቆጥርም። ሱፍ ጠምጥመህ ብትወረውርም ይበላል።

የባሌው፦ አልስማማም። ወንዙ ጥርት ያለ ከሆነ፣ ዓሣውም ብዙ ጊዜ ከተሞከረበት፣ ቀርቦ ዓይቶ ነው የሚመለሰው።

ሰዓሊው፦ የሚመለሰው አወራወርህ ስለሚያስደነግጠው ነው።

ባለሞርሳው፦ ቆይ፣ ይሄ የእኔ ጉዳይ ነው። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል።

እንግሊዝ አገር ኤቨን ወንዝ ላይ ፍራንክ ሶየር የሚባል የወንዝ ጠባቂ ነበር። የሠራት የሜይፍላይ፣ ውሃ ውስጥ የምታድግ በራሪ ናት፣ የእጯ አምሳያ ዛሬም በመላው ዓለም ትታሰራለች። የተሠራችው ከሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ፌዛንት ከሚባል ወፍ የጅራት ላባና ከቀጭን የመዳብ ሽቦ። ክር እንኳ የለም፣ ሽቦው ክርም ክብደትም ነው። እግር አልሠራላትም። ለምን? ወንዙን ሲጠብቅ እጮቹን ሲያይ ኖሯል፣ ስትዋኝ እግሯን ወደ ሰውነቷ እንደምትሰበስብ ያውቃል። እንግዲህ ለእኔ ከሁሉም በላይ እውነተኛዋን የምትመስለው እሷ ናት። መምሰል ማለት ያለውን ሁሉ መለጠፍ አይደለም፣ ሕያዋ በዚያች ሰዓት ምን ትመስላለች የሚለውን ማወቅ ነው። ደረቅ ስድስት እግር ለጥፈህላት ውሃ ውስጥ ቀጥ ብላ እንደ ሹካ ከቆመች ምን ዋጋ አለው?

ግን ሰዓሊው፣ ዝርዝሩን አትናቀው። ዓይን መሥራት ዓይን ማየትን ያስተምራል። የውሃ ተርብ እጭ ትልልቅ ዓይን አላት፣ ጭንቅላቷ ማለት ዓይኗ ነው፣ ያንን ብትተው መልኳ ይጠፋል። እንዲህ ነው የምሠራው። 2 ሳንቲሜትር ወፍራም ናይለን ቆርጬ መሃሉን በወረንጦ እይዛለሁ። ጫፉን ወደ ላይተር አስጠጋለሁ እንጂ እሳቱ ውስጥ አልከተውም። ናይለኑ ይቀልጥና ወደ ኋላ እየሸሸ ይድቦለቦላል፣ ሰናፍጭ ፍሬ ሲያክል ትንፋሼን እፍ እልበታለሁ። ገልብጬ በሌላው ጫፍ እደግመዋለሁ። ሁለት ዓይን በአንድ ዘንግ። እሳት ከነካው ይጠቁርና ይጣመማል፣ ጣለው። ከዚያ ዘንጉን መንጠቆው ላይ በመስቀል ቅርጽ አስረዋለሁ። ከቀዳዳው ራቅ አድርጌ!

ለሆዷ የሐኪም ጓንት በ2 ሚሊሜትር ስፋት እቆርጣለሁ። ጅራቷ ጋ ወጥሬ እጠመጥማለሁ፣ ወደ ደረቷ ስመጣ እያላላሁ። ሲወጠር ቀጭን፣ ሲላላ ወፍራም ይሆናል፣ ክፍልፋዮቹም በራሳቸው ይወጣሉ። ሆዷ 10 ክፍል አለው፣ እኔ 8 ከሆነልኝ ይበቃኛል። እግሯን ከአውራ ዶሮ ጅራት ሁለት ሦስት ፀጉር አንድ ላይ ይዤ በመርፌ እቋጥረዋለሁ፣ ቋጠሮው ጉልበት ነው። ይሄ ይተጣጠፋል፣ ይንቀሳቀሳል። ፕላስቲክ አትጠቀሙ።

ሰዓሊው፦ የሶየሩን አላውቅም ነበር። ዓይኑን እሞክረዋለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። ጥሩ ዝንብ እንዴት ይሠራል?

ባለሞርሳው፦ ከላይ ተጠይቋል። ከላይ ተመልሷል።

ኮረም ሰፈር፦ ይሄ ነገር የፈረንጅ መዝናኛ አይደለም እንዴ? እኛ ምን አገባን?

ባለሞርሳው፦ ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት ኤሊያን የሚባል የሮም ጸሐፊ ስለ መቄዶንያ አጥማጆች ጽፏል። ዓሣው የሚበላትን በራሪ በእጅ ሲይዟት ቀለሟ ይጠፋል፣ ክንፏ ይረግፋል፣ ለማጥመጃ አትሆንም። ስለዚህ መንጠቆው ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው ከአውራ ዶሮ መንጋጋ ሥር የሚበቅሉ ሁለት ላባዎች አሰሩበት። ሱፍ፣ አውራ ዶሮና መንጠቆ። ከሦስቱ እዚህ የሌለው የቱ ነው?

ወንዶ ገነት፦ ለሐዋሳ ሐይቅ አንድ ብቻ ልሥራ ብል የቱን ልሥራ?

ባለሞርሳው፦ ትንኟን። አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር መብራት ሥር የሚግተለተለውን ታውቂዋለሽ፣ የማይናከሰውን። ትሉ ጭቃ ውስጥ ይኖራል፣ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ቀይ ያደረገው እንደኛው ደም ሄሞግሎቢን ነው፣ አየር ባነሰበት ጭቃ የሚያኖረው እሱ ነው። ክንፍ ሊያወጣ ሲል ወደ ላይ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ዓሣ የሚለቅመው ያኔ ነው። መንጠቆ 14፣ ጥቁር ክር ግንዱ ላይ ስስ አድርጊ፣ መዳቡን አራርቀሽ ጠምጥሚ፣ ጭንቅላቷ ላይ ትንሽ ነጭ ሱፍ፣ መተንፈሻዋ ነው። ጥፍር ቀለም ቀቢ። በቃ። ስትጎትቺያት እንቅልፍ እስኪመጣ ቀስ በይ። ትልቅ ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ ነው የሚበላው፣ ስለዚህ ብዙ አትጠብቂበት። ነፍሳትና ቀንድ አውጣ የሚለቅመው ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ነው። ቀዳዳውን እንዳትዘጊ።

የታቦር ልጅ፦ ጋሼ፣ ትናንት ያሉኝን አደረግሁ። ዛሬ ጠዋት ሣሩ ሥር አግኝቼ ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጥኳት። የውሃ ተርብ እጭ መሰለችኝ፣ ግን ቀጭን ናት፣ ጅራቷ ላይ ሦስት ቅጠል የመሰለ ነገር አላት። ስትዋኝ ሰውነቷን በሙሉ እንደ እባብ ታወዛውዛለች። ከዚያ ቀጥ ብላ ትቆምና እንደገና ትሄዳለች። ምንድን ናት?

ባለሞርሳው፦ ጎበዝ! እሷ ዳምሰልፍላይ ትባላለች፣ የውሃ ተርብ ቀጭን ዘመድ። ስታርፍ ክንፏን ጀርባዋ ላይ የምታጥፈዋ። ሦስቱ ቅጠሎች መተንፈሻዎቿ ናቸው። ወፍራሟ የውሃ ተርብ እጭ እነሱ የሏትም፣ በኋላዋ ውሃ ተፍታ ነው የምትወነጨፈው፣ ስለዚህ እሷን በአጭር በአጭሩ መንጨቅ ነው።

ያንተዋ ግን የምትወዛወዝ ስለሆነች ጓንትም ሽቦም አይሆናትም። ከሴት ዶሮ ጭን ያለውን ያንን ጉም የመሰለ ልስልስ ላባ ውሰድ። የግንዱን ያህል ርዝመት ለጅራት እሰር፣ የቀረውን ወደፊት ጠምጥመህ ሰውነት አድርገው። ዓይኗን ከናይለን ሥራላት፣ ሰፊ ይሁን። ሦስቱን ቅጠል ተዋቸው፣ ላባው ሲርስ ራሱ ይሠራቸዋል። ቀለሟ ምን ነበር? አረንጓዴ ወይስ ቡኒ? ብርጭቆው ካለ አሁኑኑ እይና ጻፍልኝ፣ ከዚያ መልሰህ ሐይቁ ውስጥ ልቀቃት።