«ሸንኮራ ዮሐንስ» ወይስ «የሸንኮራው ዮሐንስ»?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። አያቴ ስንቅ ስትቋጥር «ሸንኮራ ዮሐንስ ልሄድ ነው» ትላለች። ስትመርቀኝ ግን «የሸንኮራው ዮሐንስ ይከተልህ» ነው የምትለው። ስጽፍ የትኛውን ልያዝ? «የ»ን መተው ስሕተት ነው?

መልስ፦ አያትዎ አንዱንም አልተሳሳቱም። ሁለቱ አባባሎች ሥራቸው ይለያያል።

«ሸንኮራ ዮሐንስ» የቦታ ስም ነው። ደብሩንም ጠበሉንም አጠቃሎ ይይዛል። ስለዚህ «ሸንኮራ ዮሐንስ ሩቅ ነው» ይባላል። ሚጣቅ አማኑኤልም፣ ጻድቃኔ ማርያምም እንዲሁ ናቸው። አገሩ ይቀድማል፣ ታቦቱ ይከተላል፣ መሃል ላይ «የ» አይገባም። «የሸንኮራው ዮሐንስ» ግን ራሱ ቅዱሱ ነው። ይሰማል፣ ይከተላል፣ ያማልዳል። «የሸንኮራው ዮሐንስ ሩቅ ነው» ብሎ መንገድ የሚናገር ሰው አልሰማሁም።

እርስዎ የጠየቁኝ ስለ «የ» ነው፤ እኔ ግን «ው»ን እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። «የ» ሌላ መስተዋድድ ሲመጣበት ይጠፋል። «ለሸንኮራው ዮሐንስ ጧፍ ተስያለሁ» እንላለን እንጂ «ለየሸንኮራው» አንልም። «ው» ግን ከቦታዋ አትነቃነቅም።

አሁን ጻድቃኔ ላይ ይሞክሩት። «የጻድቃኔዋ ማርያም» ነው የሚባለው። «ዋ» የተለጠፈችው አገሩ ላይ ነው፤ የምትስማማው ግን ከማርያም ጋር ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለሱ ደግሞ «የደብረ ብርሃኑ ሥላሴ» ይሆናል። የቅዱሱ ጾታ በአገሩ ስም ጫፍ ላይ መታየቱ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረንም፤ ከእናቶቻችን ምርቃት ነው የለመድነው።

ስሙ ብቻውን ሲቆምስ? ያኔ ቀን ይሆናል። «ዛሬ ዮሐንስ ነው» ካሉ ወሩ 30 ነው ማለት ነው። መስከረም 1ን ግን «ቅዱስ ዮሐንስ» እንለዋለን።

ደብረ ሊባኖስ ለየት ይላል። «ደብረ ሊባኖስ ልሄድ ነው» ያለ ሰው ማንን ሊሳለም እንደሆነ አይጠየቅም፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይጠሩ ይታወቃሉ። እሳቸውን ሲለምን ግን «የደብረ ሊባኖሱ ጻድቅ» ይላል። «ው» እዚህ «ኡ» ሆና መጣች።

እንግዲህ ስለ ጉዞው ሲጽፉ «ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ሄደች» ይበሉ። ምርቃቱን ሲጽፉ ደግሞ አያትዎ እንዳሉት፣ ከነ«ው»ዋ ያስፍሩት።