እናትን ይዞ በትንሽ መርከብ ስቫልባርድ ለመሄድ፦ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እናትሽ በፈረንጆቹ በጋ ከአዲስ አበባ ኦስሎ ይመጣሉ፤ አንቺ ደግሞ በትንሽ መርከብ ሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ያሉትን የስቫልባርድ ደሴቶች ዳርቻ ልታሳዪያቸው አስበሻል። ትልቁ መርከብ ይሻል ይሆን፣ ብርዱን ይችሉታል ወይ፣ በ65 ዓመት ከጎማ ጀልባ መውረድ አይከብድም ወይ ብለሻል። እኔ ከታላቅ እህቴ ጋር ሄጃለሁ። እሷም ስድሳን አልፋለች፣ ጉልበቷን ያማታል። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ግን ቪዛቸውን እዪ። ስቫልባርድ የኖርዌይ ግዛት ቢሆንም ሼንገን ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ከሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች ውስጥ፣ የለም። ከኦስሎ ወደ ስቫልባርድ ዋና ከተማ ወደ ሎንግየርቢየን ስትበሩ ከሼንገን ወጣችሁ ማለት ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፓስፖርት ይታያል። እዚያ ለመግባት ቪዛ የሚጠይቅ የለም፤ ጣጣው መመለሱ ላይ ነው። የእናትሽ ቪዛ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ወደ ኦስሎ መመለሻ የላቸውም። ሁለቴ ወይም ከዚያ በላይ የሚያስገባ ቪዛ እንዲሰጣቸው ገና ሲያመለክቱ ይጠይቁ። አንቺም የመኖሪያ ፈቃድ ካርድሽን ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ፣ ፓስፖርትሽንም ያዢ።

ወደ መርከቡ ስንመጣ፣ ትልቁ ርካሽ ነው፤ ግን አብዛኛውን ነገር ከሩቅ አይተሽ ትመለሻለሽ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከ200 በላይ መንገደኛ የጫነ መርከብ ወደ ተጠበቁት አካባቢዎች መግባት አይችልም። የተጠበቀው ደግሞ አብዛኛው ዳርቻ ነው። እዚያ ውስጥ መሬት መውረድ የሚፈቀደውም በ43 ቦታዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ለትንሹ መርከብ ያን ሁሉ ገንዘብ የምትከፍዪው ለምግቡና ለአልጋው እንዳይመስልሽ። የምትገዢው መሬት የምትረግጪበትን ሰዓት ነው።

«ትንሽ መርከብ» ሲሉሽም ቶሎ አትቀበዪ። 12 ሰው የምትይዘውም ትንሽ ናት፣ 190 የሚይዘውም ትንሽ ይባላል። ሃምሳ ሰው ከሆናችሁ ሁላችሁም አንድ ላይ ትወርዳላችሁ። ወደ 200 ከተጠጋ ግን በተራ ነው። ግማሹ መሬት ላይ ሲዞር ግማሹ ጀልባ ላይ ይቆያል፣ ወይም ቡና እየጠጣ ተራውን ይጠብቃል። ብር ከማስገባትሽ በፊት ሁሉም በአንዴ ይወርዳል ወይ ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ካድበሰበሱት ሌላ ድርጅት ፈልጊ። ገንዘብ ከጠበበሽ መስኮት የሌለውን ካቢን ያዢ እንጂ መርከቡን አታሳድጊ። ካቢን ውስጥ የምትሆኚው ለእንቅልፍ ብቻ ነው።

ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈውን ግን እንደ ቃል ኪዳን አትያዢው። እኛ በሰሜን ኬክሮስ ከ80 ዲግሪ በላይ ወዳለችው ሞፈን ወደምትባል ደሴት ሄደን የባሕር አንበሳ የሚመስሉትን ጥርሳም ዋልረሶች ልናይ ነበር። ጭጋግ ሆነና እጃችንን ዘርግተን እንኳ ጣታችን የማይታየን ደረጃ ደረስን። ካፒቴኑ አዙሮ ሊፍደፊዮርደን ወደሚባለው ባሕረ ሰላጤ አስገባን። አንድ ሁለት ሰዎች አጉረመረሙ። እኔ ግን የጉዞው ምርጥ ሰዓት ያ ነበር እላለሁ። ሞናኮ ከሚባለው የበረዶ ግግር ፊት ለፊት፣ ከሩቅ፣ አስጎብኚው የጀልባዋን ሞተር አጠፋ። ዙሪያችን የተሰባበረ በረዶ ተንሳፏል። ዝም ስንል በረዶው ሁሉ ይንጫጫል። ልክ አዲስ የተከፈተ የአምቦ ውሃ። ከብዙ ዘመን በፊት በረዶው ውስጥ ታምቆ የቀረው አየር፣ በረዶው ሲቀልጥ እየፈነዳ ነው። እህቴ አንዷን ቁራጭ አንስታ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

ነጭ ድብ ለማየት ብቻ ከሆነ የምትሄዱት፣ እናትሽን አስቀድመሽ አዘጋጂያቸው። ሕጉ ከድቡ 300 ሜትር ራቁ ይላል። ከማርች መጀመሪያ እስከ ጁን መጨረሻ ደግሞ 500 ሜትር። ከዚያ ርቀት በስልክ የተነሳ ድብ በረዶ ላይ ያለ ቢጫ ነጥብ ነው። ጥሩ አጉሊ መነጽር ግዢ፤ ለሁለት አንድ አይበቃም፣ ትጣላላችሁ።

ስለ ጉልበት የጠየቅሽው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዞዲያክ የሚሏት በአየር የተነፋች የጎማ ጀልባ ናት። ከባዱ ነገር መሬት ላይ መውረዱ አይደለም፤ ከመርከቡ ጎን ካለው ደረጃ ወደ ጀልባዋ መሻገሩ ነው። ጀልባዋ ከፍ ዝቅ ትላለች። ሁለቱ እጆችሽ ነጻ መሆን አለባቸው። መርከበኛው ክንድሽን ይይዛል፣ አንቺም ክንዱን ትይዣለሽ፤ በመዳፍ መጨባበጥ የለም። «አሁን» ሲልሽ ብቻ ትረግጫለሽ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብለሽ በመቀመጫሽ መንሸራተት ነው። ዳርቻው ላይ ስትደርሺ እግርሽን አዙረሽ ውሃው ውስጥ ትወርጃለሽ። ቦቲው ረጅም ስለሆነ ውሃ አይገባም። እህቴ የመጀመሪያውን ቀን ስመ ሥላሴ እየጠራች ወረደች፤ በኋላ ለሌሎቹ አስተማሪ ሆነች።

መሬት ላይ እንደ አቅም ይከፋፈላሉ። ረጅም የሚሄድ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ ዳርቻውን ቀስ እያለ የሚዞር አለ። ግን ደከመኝ ብሎ ብቻ ድንጋይ ላይ መቅረት የለም። አስጎብኚዎቹ በድብ ምክንያት ጠመንጃ ይይዛሉ፣ ከነሱ መለየት ክልክል ነው። የእናትሽን ሁኔታ በመጀመሪያው ቀን ለመሪው ንገሪው፣ ቀስ ከሚለው ቡድን ጋር ያደርጋቸዋል።

ብርዱ እንደምታስቢው አይደለም። በሐምሌ ሙቀቱ ከ3 እስከ 7 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የኦስሎን የበረዶ ወራት የቻለ ይችለዋል። ጀልባዋ ስትሮጥ የሚመጣው ንፋስ ነው አጥንት የሚገባው። ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ሱሪውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የሚረጥበው ግን እሱ ነው። ቦቲ አብዛኞቹ መርከቦች ያበድራሉ፣ ቁጥራችሁን ቀድመሽ ላኪ። ጋቢ ይዘው ይምጡ፣ ለመርከቡ ሳሎን። የእህቴን ጋቢ ያልነካው ፈረንጅ አልነበረም።

መቼ ለሚለው፣ እኔ ከሐምሌ 5 እስከ ነሐሴ 1 ባለው ጊዜ ውስጥ እላለሁ፤ በፈረንጆቹ ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 7 ማለት ነው። የሐዋርያት ጾም ተፈትቷል፣ ፍልሰታ አልገባም። የሰሜኑም በረዶ በብዛት የሚከፈተው ያኔ ነው። አልክፌሌት የሚባለው የወፎች ገደል ደግሞ በኦገስት ጸጥ እያለ ይሄዳል፤ ጫጩቶቹ ገና መብረር ሳይችሉ ከገደሉ ወደ ባሕር እየዘለሉ ይሄዳሉ። ስለዚህ ወደ ጁላይ አጋማሽ ብታደርጉት ሁሉም ይገጥምላችኋል። ረቡዕና ዓርብን ግን ለድርጅቱ ቀድመሽ ጻፊላቸው። «ሥጋ አይበሉም» ብቻ ካልሽ ዓሣና አይብ ይመጣል። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዓሣ የለም ብለሽ ዘርዝሪ። ቆሎና በሶ ለካቢን ጥሩ ነው፤ መሬት ይዞ መውረድ ግን አይፈቀድም፣ ኪስም ይራገፋል። ዕጣንና ከሰል አይታሰብም።

ሌሊት ፀሐይ አትጠልቅም። ከኤፕሪል 20 አካባቢ እስከ ኦገስት 22 አካባቢ እንዲያ ነው። እህቴ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ መስኮቱን ከፍታ «ይቺ አገር መሽቶም አይመሽላት» አለች። የዓይን መሸፈኛ ያዙ።

ባሕር የሚያማቸው ከሆነ ከሎንግየርቢየን ተነስቶ እዚያው የሚመለሰውን ምረጪ። ከዋናው ኖርዌይ የሚነሳው የባሬንትስን ባሕር ስለሚያቋርጥ ይንጣል። ካቢኑም ዝቅ ያለ፣ መሐል ላይ ያለ ይሁን። የባሕር ሕመም ክኒኑን ከመናጡ በፊት ነው የሚውጡት፤ የደም ግፊት መድኃኒት ካላቸው መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። ኢንሹራንሱ በሄሊኮፕተር ማንሳትን የሚሸፍን ይሁን። የሎንግየርቢየን ሆስፒታል ትንሽ ነው፣ ከባድ ሕመም ወደ ዋናው ኖርዌይ፣ ትሮምሰ ወደምትባል ከተማ ይላካል።

በመጨረሻ፣ መርከቡ በሚነሳበት ቀን አትብረሩ፣ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ግቡ። የእህቴ ሻንጣ ኦስሎ ቀርቶ በማግስቱ ነው የደረሰው። ሎንግየርቢየን ውስጥ ለብርድ የሚሆን ልብስ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፤ መርከቡ ላይ ከወጣችሁ በኋላ ግን ሻንጣ ተከትሎ የሚያመጣላችሁ የለም።